ከካራምቡላው ዱላ ጫፍ ሥር ቆዳ ይነጠፍ ወይስ አይነጠፍ ተብሎ በአዳማ የተደረገ ስብሰባ

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አቶ ሙሉብርሃን ናቸው። ይህን ከቀኑና ከቦታው አስቀድሜ የጻፍኩት ወረቀቱ ከታች በኩል ቢቀደድ እንኳ ይህ እንዲተርፍ ነው።

ቀን፦ እሑድ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት፣ የነቢያት ጾም የገባበት ዕለት።

ቦታ፦ አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ካራምቡላው ያለበት የአቶ ሙሉብርሃን አዳራሽ።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።

የተገኙ፦

አቶ ሙሉብርሃን ወልደአማኑኤል፣ ሊቀመንበር። የተመረጡት አዳራሹ የእሳቸው ስለሆነና ካልተመረጡ እንደሚዘጉት ስለተናገሩ ነው።

ሐጂ ደሊል መሐመድሰዒድ፣ ከወሎ መጥተው እዚህ የከረሙ የጨውና የአቡጀዴ ነጋዴ።

አቶ ገርባ፣ የወለንጪቲ ከብት ነጋዴ።

አቶ አስፋው፣ የጣቢያው ስልከኛ። የካራምቡላ ማኅበራችን አንደኛ ተጫዋች ናቸው፤ ይህን የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

አቶ ጉተማ፣ ወባ ተነሥቶባቸው በመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው የተኙ።

ጸሐፊ፦ ወይዘሮ ተሻለች። ድምፅ የላትም። ጸሐፊ የሆነችው አቶ ሙሉብርሃን የጻፉትን ከእሳቸው በቀር የሚያነበው ስለሌለ፣ በማግሥቱም እሳቸው ራሳቸው ማንበብ ስለሚያቅታቸው ነው።

ምልዓተ ጉባኤ። በማኅበሩ ደንብ አምስት አባላት ካልተገኙ ስብሰባ የለም። አቶ አስፋው፣ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ተገኝቷል ይባላል ወይ ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ፣ «የት እንዳለ እኛ እናውቅለታለን፤ ይበቃል» ሲሉ መለሱ። ከብዙ ክርክር በኋላ አቶ ጉተማ ተገኝተዋል ተብሎ ተወሰነ። አቶ ጉተማም በዚሁ ጊዜ እየተንቀጠቀጡ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ስለነቀነቁ ውሳኔውን መደገፋቸው ተመዘገበ።

የጉዳዩ አመጣጥ። ጠረጴዛውን በባቡር ያስመጣው ሙሴ ስታማቲ የሚባል ግሪክ ነው። ባለፈው ሰኔ ወደ አገሩ ሲመለስ ጠረጴዛውን፣ ሦስት ዱላና አንድ ቆርቆሮ ለማኅበሩ ትቶ ሄደ። በዱላው ጫፍ ነጭ አጥንት አለ፤ በአጥንቱ ላይ ኳሱን የሚመታው ወፍራም ቆዳ ይለጠፋል። በአጥንቱና በወፍራሙ ቆዳ መካከል ደግሞ ጥፍር የሚያህል ክብ ስስ ቆዳ ይነጠፋል። ቆርቆሮው በዚህ ስስ ቆዳ የተሞላ ነበር። ሙሴ ስታማቲ፣ «ይህ ከሌለ አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ አጥንት ጨርቁን ይቀድዳል» ብሎ በእጁ እያሳየ ነግሮናል። ሁላችንም ሰምተናል። ሆኖም ሙሴው ስሱን ቆዳ ከመለጠፉ በፊት በአፉ እያኘከ ያለሰልሰው ነበርና፣ አቶ ሙሉብርሃን የማን እርድ እንደሆነ ያልታወቀ ቆዳ አፋቸው እንደማይገባ ገልጸው፣ ቆርቆሮውን ከነቆዳው በጣቢያው ሲያልፍ ባገኙት የዕቃ ባቡር ላይ ወረወሩት። እስካሁን ጅቡቲ ደርሶ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱም አጥንቶች ተሰንጥቀዋል። አረንጓዴው ጨርቅ ዐሥራ አራት ቦታ ተቀዷል። ዐሥራ አራቱንም የሰፋችው ጸሐፊዋ ናት።

፩ኛ ነጥብ፦ ንጣፍ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም።

ሐጂ ደሊል እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። ጨርቁ የተሰፋበት ቦታ ሁሉ ጠባሳ እያወጣ፣ ኳሱ ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ዘመድ ጥየቃ እንደሚሄድ ሰው በየመንገዱ እንደሚቆም አስረዱ።

አቶ አስፋው ተቃወሙ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ጆሯቸውን ስልክ ላይ ጥለው የሚውሉ በመሆናቸው ኳሱን የሚመቱት በዓይን ሳይሆን በጆሮ እንደሆነ፣ ከሥር ንጣፍ ካለ ዱላው የሚነግራቸው ድምፅ እንደሚታፈን ገለጹ። ሐጂ ደሊል፣ «ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ጊዜ ሲስቱ ዱላው ምን ብሎዎት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ አስፋው፣ «መስመሩ ተበላሽቶ ነበር» ሲሉ መለሱ።

አቶ ገርባ ነገሩ ይህን ያህል የሚያነጋግር እንዳልሆነ፣ በቅሎ እንኳ ከኮርቻው ሥር ካልተነጠፈላት ጀርባዋ እንደሚቆስል ተናገሩ። አቶ አስፋው ዱላ በቅሎ አይደለም አሉ። አቶ ገርባ፣ «ዱጋ ነው፣ እውነትዎን ነው፤ በቅሎ የሰው ቃል ትሰማለች» አሉ። አቶ አስፋው ተሰድቤያለሁ ብለው ተነሡ፤ በቅሎ ከእሳቸው ይበልጣል የተባለ መስሏቸው ነው። አቶ ገርባ ከዱላው ትበልጣለች ማለታቸው እንደነበረ፣ አሁን ግን አቶ አስፋው ካነሡት የሚያስቡበት መሆኑን ገለጹ።

ሊቀመንበሩ ነገሩ እንዲበርድ፣ ዱላ በቅሎ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ለብቻው ድምፅ ይሰጥበት አሉ። ከብዙ ውይይት በኋላ፣ ለዚህ ስብሰባ ብቻ ዱላው በቅሎ ነው ተብሎ በአራት ድምፅ ጸደቀ። አራተኛው የአቶ ጉተማ ራስ መነቅነቅ ነው። አቶ አስፋው በዚህ ከሆነ በቅሎ አዳራሽ ውስጥ አትታሰርም ብለው አጥብቀው ስለተከራከሩ፣ ሦስቱም ዱላዎች ወጥተው ከደጅ ካለው ግራር ጋር ታሰሩ። ለዚህ ሲባል ስብሰባው ለትንሽ ጊዜ ተቋርጧል።

በዚህ መካከል ጸሐፊዋ ለመናገር ጠየቀች። ሊቀመንበሩ፣ «እትዬ ተሻለች፣ አንቺ ጻፊ እንጂ አትናገሪ» አሉ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሰፋሁት አንድ ቀዳዳ ነበር፤ ለሙሴ ስታማቲ ትዝታ ብዬ። ከዚያ ደንብ ሆነ። ይህ ጨርቅ እንደ ሸማ አይደለም፤ የጸጉሩ አተኛኘት ታይቶ ክሩ በጣም ተጠጋግቶ ካልተሰፋ ኳሱ ይነጥራል፤ አንዱ ቀዳዳ ሦስት ቀን ዓይን ይበላል። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ «ምን ይሠራልሻል» ይል ነበርና እሱ ከሞተ በኋላ ጀመርኩ። አሁን ዳዊት እያነበብኩ ስድሳ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ደርሻለሁ። ከመስከረም ወዲህ ፊደሉ ወደ ዳር እየሸሸብኝ ነው፤ ከጨርቁ ላይ ቀና ባልኩ ቁጥር ገጹ አረንጓዴ ሆኖ ይታየኛል። ገና ሰማንያ ስምንት መዝሙር ይቀረኛል። ዓይኔ ለዚያ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ለዚያና ለዚህ ጨርቅ ግን እንደማይበቃ አውቃለሁ። ንጣፉ ይግባ የምለው ስለ ካራምቡላ ብዬ አይደለም።

ይህ ተጽፎ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ጠየቁ። በቅሎዎቹን እየመዘገብኩ ነው አልኩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በቅሎ በመሆናቸው ንጣፍ እንደሚያስፈልጋቸው ተወሰነ። አቶ አስፋው ድምፃቸውን አልሰጡም።

፪ኛ ነጥብ፦ ንጣፉ ከምን ቆዳ ይሁን።

አቶ ገርባ ከበረታቸው የሚፈለገውን ያህል የበሬ ቆዳ እንደሚያመጡ ቃል ገቡ። ሐጂ ደሊል አመስግነው፣ በሬውን የሚያርደው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ፣ ያው እሳቸው ራሳቸው በስመ ሥላሴ ብለው እንደሚያርዱት ተናገሩ። ሐጂ ደሊል በዚህ ከሆነ ቆዳው አፋቸው እንደማይገባ፣ ለአቶ ሙሉብርሃን ያላቸው አክብሮት ግን እንዳለ መሆኑን አስታወቁ። ሊቀመንበሩ አክብሮቱን ተቀብለው፣ ሐጂ ደሊል በቢስሚላህ ያረዱት ከሆነ ደግሞ የእሳቸው አፍ እንደማይቀበለው በተመሳሳይ አክብሮት ገለጹ። ሁለቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ተነሣሡ። ይህ አንድ ሩብ ሰዓት ወሰደ።

አቶ ገርባ ማንም ያላረደው፣ በራሱ የሞተ በሬ ቢሆንስ አሉ። ሊቀመንበሩና ሐጂ ደሊል በአንድ ድምፅ ጮኹ። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አቶ አስፋው፣ ዛሬ ጾም በመሆኑ በማንም ይታረድ በማን፣ ቆዳ ያኘከ ክርስቲያን ጾሙን እንደሚገድፍ አሳሰቡ። ሊቀመንበሩ ቆዳ ማኘክ መብላት አይደለም አሉ። አቶ አስፋው፣ «እርስዎ አፍዎ ገብቶ የወጣ ነገር አይተው ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ጥያቄው ከነጥቡ ውጭ ነው ብለው አለፉት።

በዚህ ጊዜ ከጓዳ የዓሣ ሽታ መጣ። ሐጂ ደሊል አሽትተው፣ ዓሣ በማንም ስም እንደማይታረድ፣ የእሳቸውም ሆነ የአቶ ሙሉብርሃን ቤት እንደሚበላው አስታወሱ። ሊቀመንበሩ በቤታቸው ዓሣ በጾም ጭምር እንደሚበላ አረጋገጡ። አዳራሹ በአንዴ ደስ አለው። አቶ ገርባ ዓሣ ቆዳ አለው ወይ ብለው ጠይቀው፣ የከብት ነጋዴ በመሆናቸው ይቅርታ ተደረገላቸው።

ወይዘሮ በላይነሽ፣ የሊቀመንበሩ ባለቤት፣ ከጓዳ ተጠርተው መጡ። ዓሣው ከአዋሽ የመጣ፣ ቅርፊት ያለው መሆኑን አረጋገጡ። ቆዳው ለምን እንደተፈለገ ሲነገራቸው፣ «ለዱላ? የኔን ዓሣ ለዱላ?» አሉ። ሊቀመንበሩ ዱላ ሳይሆን በቅሎ መሆኑን ሊያስረዷቸው ጀመሩ። ወይዘሮ በላይነሽ በመስኮቱ አሻግረው ግራሩ ላይ የታሰሩትን ዱላዎች አዩ፤ አግዳሚው ላይ የሚንቀጠቀጡትን ሰው አዩ፤ ከዚያ ቆዳውን ሰጥተው አንድም ቃል ሳይናገሩ ወደ ጓዳቸው ተመለሱ። ዝምታቸው እንደ ድጋፍ ተቆጠረ።

ንጣፉ የዓሣ ቆዳ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። መቀስ ያላት ጸሐፊዋ ብቻ ስለሆነች ለሙከራ ሁለት ክብ እንድትቆርጥ ታዘዘች። ቆረጠች።

፫ኛ ነጥብ፦ ቆዳውን አኝኮ የሚያለሰልሰው ማን ነው።

ሊቀመንበሩ ዓሣው የበሰለ ባለመሆኑ ይቅርታ ጠየቁ። ሐጂ ደሊል በእድሜያቸው ይቅርታ ጠየቁ። አቶ አስፋው ንጣፉን የተቃወመ ሰው እንዲያኝከው መጠየቁ ግፍ ነው አሉ። ሁሉም ወደ አቶ ገርባ ዞሩ። አቶ ገርባ በዋቃ የሚያምኑ በመሆናቸው ሁለቱም ወገን በሚከለክለው ነገር እንደማይያዙ ከገለጹ በኋላ፣ «ሃይማኖቴ ይፈቅዳል፤ ጥርሴ ነው ያልፈቀደው» ብለው አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። ጉባኤው አይቶ አዘነ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ጣታቸውን ወደ አቶ ጉተማ ቀሰሩ። አቶ ጉተማ በብርዱ ምክንያት ጥርሳቸው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ያለ አንዳች ድካም ሲፋጭ የቆየ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ሥራ በከንቱ ከሚቀር ቆዳው መካከል ቢገባ ማኅበሩን እንደሚጠቅም አስረዱ። ሐጂ ደሊል የታመመ ሰው ፈቃዱ መጠየቅ አለበት አሉ። አቶ ጉተማ ዓሣ ይበሉ እንደሆነ ተጠየቁ። «ብርድ ልብስ» ሲሉ መለሱ። ብርድ ልብስ በሁለቱም ሃይማኖት የተፈቀደ መሆኑ ታምኖበት ቆዳው አፋቸው ውስጥ ገባ።

አቶ ጉተማ መጀመሪያ የተሰጣቸውን ዋጡት።

አቶ ገርባ ከብት የዋጠው ነገር በሁለተኛው ቀን ግፋ ቢል በሦስተኛው ቀን እንደሚገኝ ከልምዳቸው ተናግረው፣ ማኅበሩ ይጠብቅ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሐጂ ደሊል «አዑዙ ቢላህ» ብለው ወንበራቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። ሐሳቡ ደጋፊ ስላጣ ወደቀ። ሁለተኛው ቆዳ በክር ታስሮ፣ ክሩን ሊቀመንበሩ ከውጭ ይዘው፣ እንዲታኘክ ተደረገ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ለስልሶ ወጣ። አቶ ጉተማ እንዲመሰገኑ ተወሰነ።

፬ኛ ነጥብ፦ ሙከራ።

በቅሎ ኳስ መምታት ስለማትችል፣ ከሦስቱ አንዷ ወደ ዱላነቷ እንድትመለስ ድምፅ ተሰጠ። ተፈታ። ሌሎቹ ሁለቱ እስከ ስብሰባው መጨረሻ በቅሎ ሆነው ቆይተዋል።

የዓሣው ቆዳ በግራር ሙጫ በአጥንቱ ላይ ተለጠፈ፤ ወፍራሙ ቆዳ በላዩ ተለጠፈ። ጸሐፊዋ ሙጫው እስኪደርቅ አንድ ቀን ይጠበቅ ስትል፣ ሊቀመንበሩ «ጻፊ» አሉ። አቶ አስፋው እንዲመቱ ተመረጡ። ሊቀመንበሩ ምርጫውን ያደረጉት፣ የተቃወመ ሰው ከመታ በኋላ ምስክር እንጂ ተቃዋሚ መሆን አይችልም በማለት ነው።

አቶ አስፋው ዱላውን ጠመኔ ቀቡ፤ ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ «አይሰማኝም» አሉ፤ መቱ።

የዓሣው ቆዳ አሟለጨ። ወፍራሙ ቆዳ ተፈንጥሮ በኋላ ከሐጂ ደሊል ጥምጣም እጥፋት ውስጥ ተገኘ። ኳሱ ካለበት አልተነቃነቀም። አጥንቱ ግን ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ከጠረጴዛው መካከል እስከ ዳር ድረስ ሄደ። ጸሐፊዋ በክንዷ ለካችው፤ አንድ ክንድ ከአራት ጣት ነው። ከዚህ በፊት የነበሩት ዐሥራ አራቱ ተደምረው ይህን አያህሉም።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። አቶ አስፋው ንጣፍ ክፉ መሆኑን ከጥንት እንደተናገሩ፣ ሐጂ ደሊል ክፉው አመታቱ መሆኑን፣ አቶ ገርባ የበሬ ቆዳ ቢሆን ኖሮ ይህ እንደማይደርስ ተናገሩ። ሊቀመንበሩ ጥፋቱ የዓሣው ነው ብለው ለድምፅ አቀረቡት። ወይዘሮ በላይነሽ ከጓዳ፣ «ዓሣው ምን አደረጋችሁ? ዓሣው ነው ቆርቆሮውን ባቡር ላይ የወረወረው?» አሉ። ሊቀመንበሩ ከጓዳ የመጣ ድምፅ እንደማይቆጠር አስታወሱ። ጥፋቱ የዓሣው መሆኑ ተወሰነ።

ከጩኸቱ የተነሣ አቶ ጉተማ ተነሥተው ተቀመጡ። ላብ በላብ ሆነዋል፤ ትኩሳቱ ለቋቸዋል። አፋቸው ዓሣ ዓሣ የሚላቸው ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ማኅበሩ ላደረጉት አገልግሎት እንደሚያመሰግናቸው ነገሯቸው። አቶ ጉተማ፣ «የቱ ማኅበር?» አሉ። ከዚያ ቀጥሎ የተባለው እንደወረደ ተጽፏል፦

«ሙሉብርሃን፣ እኔ መስከረም ላይ ወጥቻለሁ ብዬህ የለም እንዴ?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ መጥተህ እዚህ ስትተኛ ሐሳብህን የለወጥክ መስሎኝ ነው።»

«ባቡር ስጠብቅ ብርዱ ያዘኝ! ሻሸመኔ የሚሄድ ሰው ባቡር ምን ያደርግለታል አትበል፤ እስከ ሞጆ ልሳፈር ነበር።»

ባቡሩ ከአንድ ሰዓት በፊት መሄዱ ተነገራቸው።

ሐጂ ደሊል የማኅበሩን ደንብ አስታወሱ። አቶ ጉተማ አባል ካልሆኑ አራት ሰው ብቻ ነው የተገኘው፤ አራት ሰው ከሆነ ምልዓተ ጉባኤ የለም፤ ምልዓተ ጉባኤ ከሌለ ስብሰባ አልነበረም። ሊቀመንበሩ አሰቡና ፊታቸው በራ። ስለዚህ ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ዱላዎቹ በቅሎ ሆነው አያውቁም። ንጣፍ ያስፈልጋል አልተባለም፤ አያስፈልግምም አልተባለም። ዓሣው ከጥፋቱ ነጻ ነው። አቶ ጉተማ አልተመሰገኑም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በዚህ አዳራሽ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ይህም ውሳኔ እንደዚሁ። አቶ አስፋው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁ፤ ሊቀመንበሩ ራሱ ይሠራል አሉ።

ቀዳዳው ግን ምልዓተ ጉባኤ አላስፈለገውም። ጠረጴዛው ላይ አለ።

ሊቀመንበሩ ሊያትሙ ያወጡትን ማኅተማቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ፣ ስብሰባ ስላልነበረ የቀድሞው ደንብ እንዳለ መሆኑን ገለጹ። የቀድሞው ደንብ ንጣፍ የለም፣ ጨርቁን ተሻለች ትሰፋለች የሚል ነው። «እትዬ ተሻለች፣ መቼም እጅሽ ወርቅ ነው፤ ለማክሰኞ ይድረስልን» አሉ። ሐጂ ደሊል፣ «እትዬን አላህ ይስጣት» አሉ። አቶ አስፋው ስፌቱ ድምፅ እንዳይኖረው አደራ አሉ።

ስብሰባው ያልተደረገ ሆኖ ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ አበቃ። አባላቱ በቅሎዎቹን ፈትተው ወደ አዳራሹ መለሱ።

ጸሐፊዋ መርፌዋን፣ አረንጓዴውን ክርና መቀሱን በአቶ ሙሉብርሃን እጅ አስረክባለች። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ስላልነበረ ርክክቡ አይጻፍም ብለዋል። ተጽፏል።

ያለኝ ዓይን ለሰማንያ ስምንቱ መዝሙር ነው። የዚህን ማኅበር ጨርቅ ከእንግዲህ አልሰፋም።

ተሻለች፣ በእጄ የጻፍኩት